ራሱን ያጠፋ ዘመድ ላጡ ሰዎች፦ ከእድር፣ ከንስሐ አባት፣ ከሐኪም እና ከድጋፍ ቡድን የትኛው ለምን ይሆናል?

ሰልስት ዕለት ነው። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ንፍሮ ይዞራል። ዘግይተው የደረሱ አንዲት አሮጊት የሟቹን እናት አንገት አቅፈው ካለቀሱ በኋላ «ለመሆኑ ልጄን ምን አገኘው?» ብለው ይጠይቃሉ። እናቲቱም ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ «ልቡ ነው አሉ» ይላሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት የአክስቱ ልጆች እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በዚያ ቤት ሁለት ሐዘን ይኖራል፤ አንደኛው በድንኳኑ ውስጥ ከሰው ሁሉ ጋር የሚለቀሰው፣ ሁለተኛው ደግሞ ለቀስተኛው ከተበተነና መብራት ከጠፋ በኋላ ብቻ የሚለቀሰው ነው። በእድር ጸሐፊነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት ይህን «ልቡ ነው» የሚል መልስ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰምቻለሁ። ይህን መመሪያ የጻፍሁትም ያን ሁለተኛውን ሐዘን ይዞ ወዴት መሄድ እንደሚቻል፣ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ለማሳየት ነው።

ብዙዎቻችን ደጋፊ የምንመርጠው በቅርበት ነው፤ ጎረቤት ከሆነ ጎረቤት፣ ቄስ ከሆነ ቄስ፣ መጀመሪያ በሩን ያንኳኳው ሰው ሁሉንም ሸክም እንዲሸከም እንጠብቃለን። በእኔ እምነት ግን ምርጫው መነሣት ያለበት በዚህ ሳምንት ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሣው ጥያቄ የትኛው እንደ ሆነ ከመለየት ነው። ቀብሩን ማን ያስፈጽማል፣ ነፍሱ እንዴት ትሆናለች፣ እንዴት ሳላውቅበት ቀረሁ፣ እኔስ ከእንግዲህ እንዴት ልኑር የሚሉት ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው፤ አራቱንም የሚመልስ አንድ ሰው ወይም አንድ ተቋም የለም። ከዋጋም ከርቀትም በላይ የሚመዝን ሌላ መለኪያ ደግሞ አለ፤ እርሱም በዚያ ቦታ የሞቱን ምክንያት በስሙ መጥራት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ከሚመርጧቸው አማራጮች ቢያንስ አንዱ «ራሱን አጠፋ» ብለው ድምፅዎን ሳይቀንሱ የሚናገሩበት ቦታ መሆን አለበት።

ማነጻጸር የማይጠብቅ ጉዳይ

ከሁሉ አስቀድሞ ከሐዘንተኞቹ መካከል ራሱ አደጋ ላይ ያለ ሰው መኖር አለመኖሩን ማጣራት ያስፈልጋል። በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች በሚማሩና በሚሠሩ 3,432 ወጣት ጎልማሶች ላይ ተካሂዶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የቅርብ ሰው ራሱን በማጥፋቱ ያዘኑት በድንገተኛ የተፈጥሮ ሞት ዘመዳቸውን ካጡት ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከር ዕድላቸው በ65 በመቶ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ማለት አብዛኞቹ ይሞክራሉ ማለት አይደለም፤ ሆኖም ነገሩን በዋዛ ማለፍ አይገባም።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ለቅሶ አንድ የራሱ ችግር አለው። «ምነው እኔን በወሰደኝ»፣ «ከአንተ በኋላ ምን እኖራለሁ» የሚሉት ቃላት በሙሾ የተለመዱ ስለ ሆኑ፣ ከልቡ የሚናገረውን ሰው ከወጉ ለይቶ መስማት ያስቸግራል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በጩኸቱ ውስጥ ሳይሆን ከጩኸቱ በኋላ ነው፤ ያው ሰው ለቅሶው ጋብ ካለም በኋላ በረጋ ድምፅ ያንኑ ከደገመው፣ ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ፣ እንቅልፍና ምግብ ጨርሶ ከተወው፣ ወይም መጠጥና ጫት ካበዛ፣ ለብቻው ወስዶ «ራስህን ስለ ማጥፋት እያሰብህ ነው ወይ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ተገቢ ነው። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። መልሱ አዎ ከሆነ ብቻውን አይተውት፤ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ ያርቁ፤ በኢትዮጵያ ያሉ ወዲያውኑ ወደ አቅራቢያቸው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ በአዲስ አበባ ያሉ ደግሞ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ። በአሜሪካ ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 988፣ በብሪታንያና በአየርላንድ 116 123፣ በእስራኤል 1201 በማንኛውም ሰዓት ይደወልባቸዋል። በ988 ላይ ከ240 በሚበልጡ ቋንቋዎች አስተርጓሚ ስለሚቀርብ፣ እንግሊዝኛ የማይመች ሰው መስመሩ እንደ ተነሣ የቋንቋውን ስም ብቻ ጠርቶ መጠበቅ ይችላል።

እነዚህ የስልክ መስመሮች ለድንገተኛ አደጋ ብቻ አይደሉም፤ ሐዘንተኛ ሰው ሌሊት ሌላውን ሁሉ ማስነሣት ሲያፍር ሊደውልባቸው ይችላል። ጉድለታቸው የሚያነሣው ሰው በየጊዜው ስለሚለያይ ታሪኩ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው መተረክ አለበት፤ ለአንድ ክፉ ሌሊት እንጂ ለዓመት ጉዞ የሚበቁ አይደሉም።

እድርና ለቅሶ ቤት

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእድርን ያህል የሚያገለግል የለም። ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ያመጣል፣ የቀብሩን ገንዘብ ይከፍላል፣ ከዚያም በላይ ሐዘንተኛው ሳይጠራው ራሱ ወደ ቤቱ ይመጣል። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ አይደለም። በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት በባተን ሩዥ ከተማ ፍራንክ ካምቤል የተባሉ ባለሙያ፣ ራሱን ያጠፋ ሰው ቤተሰብ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ያው ሐዘን የደረሰባቸው ሰዎች ከባለሙያዎች ጋር ሆነው ወደ ቦታው ድረስ እንዲሄዱ የሚያደርግ ቡድን አቋቁመው ነበር፤ እንዲህ የተጎበኙት ቤተሰቦች ካልተጎበኙት ይልቅ ቀደም ብለው እርዳታ ሲፈልጉ ታይቷል። እኛ ግማሹን ነገር ከጥንት ጀምሮ አለን፤ የጎደለን ሄዶ ከተቀመጠ በኋላ ምን እንደሚናገር የሚያውቅ ሰው ነው።

የእድር ጉድለትም ከዚሁ ይጀምራል። ድንኳን ውስጥ ምስጢር አይቀመጥም፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ምክንያቱን ይደብቃል። የተደበቀውን ደግሞ ሰው በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ «ሚስቱ ምን አድርጋው ነው?»፣ «ዕዳ ነበረበት አሉ» የሚለው ወሬ ከሰባተኛው ቀን በፊት ሰፈሩን ያዳርሳል። የምመክረው መሐል መንገድ አለ። ቤተሰቡ ገና በመጀመሪያው ምሽት ተመካክሮ አንድ ተናጋሪና አንድ ዓረፍተ ነገር ይምረጥ። «በሕመም ብዙ ሲሠቃይ ቆይቶ ሕይወቱ በእጁ አለፈ፤ ዝርዝሩን ባንነጋገርበት ደስ ይለናል» የሚል ሰው ውሸት አልተናገረም፤ ዝርዝሩንም ለድንኳኑ አልሰጠም። ልጆችም ከትልልቆቹ የሚሰሙት ይህንኑ መሆን ይኖርበታል፤ «ሩቅ አገር ሄዷል» የተባለ ሕፃን ሲጠብቅ ይኖራል፣ እውነቱንም ውሎ አድሮ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ይሰማዋል።

የፖሊስ ምርመራ በዚሁ ሳምንት ስለሚገጥም እድር የሚጠቅምበት ሌላ ቦታም አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሣሣን ወይም የረዳን ነው፤ በመሆኑም የመጨረሻ ጊዜ አብረውት የነበሩት ሰዎች ይጠየቃሉ። ለአዲስ ሐዘንተኛ ይህ እንደ ክስ ነው የሚሰማው። አንድ ረጋ ያለ የእድር ሽማግሌ አብሮት ጣቢያ ቢሄድና ደጅ ቢጠብቀው፣ ከብዙ ማጽናኛ ቃል ይበልጥበታል።

ከአርባ በኋላ ግን ለቅሶ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። እድርን ብቻ የያዘ ሰው ብቸኝነት የሚይዘው ያን ጊዜ ነው።

የንስሐ አባት፣ ኢማም፣ መጋቢ

የሚያስጨንቅዎ የነፍሱ ጉዳይ ከሆነ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ መሄድ አይመልስልዎትም፤ ይህን የሚመልስ የሃይማኖት አባት ነው። ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ከባዱ ነገር ፍትሐት ነው። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም የሚለውን ሁሉም ያውቃል፤ ብዙም የማይነገረው ግን ጥያቄው ከጥንት ጀምሮ በዝርዝር ሲታይ የኖረ መሆኑ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጢሞቴዎስ፣ አእምሮውን ስቶ ራሱን ስላጠፋ ሰው ሲጠየቁ፣ ካህኑ ሰውየው በእርግጥ ከአእምሮው ውጭ እንደ ነበር በጥንቃቄ ይመርምር ብለው መልሰዋል፤ ዘመዶች ለሟቹ ጸሎት እንዲደረግለት ሲሉ ሊዋሹ እንደሚችሉም አስጠንቅቀዋል። ስለዚህ ሟቹ የሕክምና ታሪክ ካለው፣ ካርድና የሐኪም ወረቀቱን ይዞ ከቀብር በፊት የንስሐ አባትን ማነጋገር «ልቡ ነው» ከማለት የተሻለ መንገድ ነው። ውሳኔው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ነገር ግን በእውነት ላይ የተመሠረተ ውሳኔ፣ ምንም ቢሆን፣ በሐሰት ከተገኘ ፍትሐት ይልቅ ለእናት ሕሊና ይቀልላል ብዬ አምናለሁ።

በሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ ተመሳሳዩ ጭንቀት የጀናዛ ሰላት ነው። ነቢዩ ራሱን ባጠፋ ሰው ላይ እንዳልሰገዱ በሐዲስ ተዘግቧል፤ ብዙኃኑ ዑለማዎች ግን ይህን ለማስጠንቀቂያ ወስደው፣ ታላላቅ መሪዎች ቢታቀቡም ኅብረተሰቡ ይሰግድበታል ብለዋል። ይህን የማያውቅ ጎረቤት «አይሰገድበትም» ብሎ ቤተሰቡን ሊያስደነግጥ ስለሚችል ወዲያው የሚያምኑትን ኢማም መጠየቅ ያሻል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ችግሩ በአብዛኛው የሚመጣው ከስብከቱ ነው፤ መጋቢውን ከቀብሩ በፊት አግኝቶ፣ ስብከቱ ስለ አሟሟቱ ሳይሆን ስለ ሟቹ ሕይወትና ስለ ሐዘንተኞቹ እንዲሆን መለመን ነውር የለውም።

የሃይማኖት አባት ሁሉ አንድ አይደለም። መጀመሪያ ራስዎ ከመሄድ ይልቅ አንድ አስተዋይ ዘመድ ልከው አመለካከቱን ቢያስጠኑ ጥሩ ነው፤ በአዲስ ቁስል ላይ የሚወድቅ አንድ ጨካኝ ቃል ለዓመታት ከቤተ እምነት ያርቃል። መድኃኒት የሚወስድ ሐዘንተኛ ጠበል ሲገባ ክኒኑን እንዲተው የሚነግረው ካጋጠመም፣ ሳይተው ወደ ሐኪሙ ይመለስ።

ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ

እዚህ ላይ መጀመሪያ ሁለቱን ሙያዎች መለየት ያስፈልጋል። የሥነ አእምሮ ሐኪም መድኃኒት ያዝዛል፤ ድባቴን፣ ከባድ የእንቅልፍ ማጣትን፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብን ያክማል። የሥነ ልቦና ባለሙያ በየሳምንቱ እየተገናኘ በንግግር ያክማል። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ሰው ሁለቱንም ላያገኝ ይችላል፤ ሆኖም ኢትዮጵያ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅትን መርሐ ግብር ተከትላ በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችንና የጤና መኮንኖችን በአእምሮ ጤና ስታሠለጥን ስለ ቆየች፣ በቅድሚያ በአቅራቢያ ባለው ጤና ጣቢያ የሠለጠነ ሰው መኖሩን መጠየቅ አይከፋም። በከተማችን «አማኑኤል ገባ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ስለሚነገር ብዙ ሰው ሆስፒታሉን ይሸሻል። ስሙ የሚከብደው ሰው እንደ ቅዱስ ጳውሎስ ባለ አጠቃላይ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ቢታይ ይሻለዋል፤ በዚያ በር የሚገባ ሰው ምን ሊታከም እንደ ገባ ማንም አያውቅበትም።

ባለሙያ ከሁሉ አማራጭ ቀድሞ የሚመረጠው ለማን ነው? አስከሬኑን ላገኘው ሰው። ያየው ነገር ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር እየተመለሰ፣ ያንን ክፍል መግባት እያቃተው፣ በትንሽ ድምፅ እየደነገጠ ሳምንታት ካለፉ፣ ይህ በማጽናናት ብቻ የሚለቅ አይደለም። ለሌላው ሐዘንተኛ ደግሞ ጊዜው ራሱ ምልክት ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ምደባ፣ ኑሮን እስከ ማገድ ድረስ የበረታ ሐዘን ከ6 ወር በላይ ሲዘልቅ ሕክምና እንደሚያሻው ይቆጥራል፤ የአሜሪካ ሐኪሞች መመዘኛ ለአዋቂ ሰው 12 ወር ይላል። የሚገርመው ይህ ቁጥር ለእኛ እንግዳ አለመሆኑ ነው፤ አንዱ መንፈቅ፣ ሁለተኛው ሙት ዓመት ነው። በመንፈቁ ተዝካር ዕለት እናት ከአልጋ መነሣት እንዳቃታት የሚያይ ዘመድ የሐኪም ቀጠሮ የማስያዣው ጊዜ እንደ ደረሰ ይወቅ።

በውጭ አገር ላለ አማርኛ ተናጋሪ ከባዱ ምርጫ ሌላ ነው፤ በአማርኛ የሚያናግር ባለሙያ ወይስ የማያውቀው ፈረንጅ? በአማርኛ ያለቀሰ ሰው በአማርኛ ቢናገር ሆዱ ይገለጥለታል፤ «አንጀቴ ተቃጠለ» የሚለውን በሌላ ቋንቋ ሲያስረዳ ለሆድ ሕመም መድኃኒት የታዘዘለት ሰው አውቃለሁ። በሌላ በኩል ማኅበረሰቡ ጠባብ ነው፤ በዋሽንግተን አካባቢ ያለ ባለሙያ እሑድ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ሊገኝ፣ ሟቹንም ሊያውቅ ይችላል። ባለሙያው ምስጢር የመጠበቅ የሕግ ግዴታ እንዳለበት ማወቅ ብዙውን ስጋት ያቃልላል፤ ያም ካላረካ በቪዲዮ ከሌላ ከተማ የሚሠራ አማርኛ ተናጋሪ መፈለግ መካከለኛው መፍትሔ ነው፤ በአሜሪካ ግን ባለሙያው እርስዎ በሚኖሩበት ግዛት የመሥራት ፈቃድ እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ። ፈረንጁን ከመረጡም በስልክ የሚገባ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ የአሜሪካ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። የገዛ ልጅን ግን በፍጹም አስተርጓሚ አያድርጉ። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ የእናቷን «መኖር አስጠልቶኛል» የሚል ቃል ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ለሐኪም እንድትነግር መደረግ የለባትም።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ አንድ ጥያቄ ይዘው ይግቡ፤ «ራሱን ያጠፋ ሰው ቤተሰብ ከዚህ በፊት አክመው ያውቃሉ ወይ?» የሚል። ባለሙያው ተሸማቅቆ ወሬውን ወደ ሌላ ከወሰደው፣ ሌላ መፈለግ ነውር አይደለም።

ያው ሐዘን የደረሰባቸው ሰዎች

«እንዴት ሳላውቅበት ቀረሁ» ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ይህን ነው። በመግቢያዬ የጠቀስኋቸው እናት ከምሽቱ አራት ሰዓት ከሃያ የተደወለ፣ ያልተነሣ አንድ የልጃቸው ጥሪ በስልካቸው ላይ ነበራቸው፤ ተኝተው ነበር። ቄሱ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሏቸው፤ ሐኪሙ «ጥፋትዎ አይደለም» አላቸው፤ ሁለቱንም ሰምተው ስልኩን መልሰው ያዩታል። ከዚያ የሰፈሩ ሰዎች ከብዙ ዓመት በፊት ሴት ልጃቸውን በዚሁ ሁኔታ ካጡ ሴትዮ ጋር አገናኟቸው። እኚህ ሴት ማጽናኛ አልተናገሩም፤ «እኔ እንኳ ስልኩን አንሥቼ ነበር፤ "ነገ እንነጋገር" ብዬ ዘጋሁባት» አሉ። እናቲቱ ስለ ልጃቸው እውነቱን ለሰው የተናገሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን በተደራጀ መልክ የሚሰጡ ማኅበራት በውጭ አገር አሉ። በአሜሪካ የራስን ማጥፋት መከላከያ ፋውንዴሽን፣ ያው ሐዘን ደርሶበት የቆየን ሰው ከአዲስ ሐዘንተኛ ጋር በስልክ፣ በቪዲዮ ወይም በአካል ያገናኛል፤ በየዓመቱም ከታንክስጊቪንግ (የምስጋና ቀን) በዓል በፊት ባለው ቅዳሜ ሐዘንተኞች ይሰበሰባሉ። ይህ ቀን በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሴኔት የተወሰነው አባታቸው ራሳቸውን ባጠፉት በሴናተር ሃሪ ሪድ አነሣሽነት ነው። በጀርመን አጉስ፣ በእስራኤል ቢሽቪል ሃሃይም የተባሉት ማኅበራት ለእንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ቡድን ያዘጋጃሉ። ጉድለታቸው በአብዛኛው በአገሩ ቋንቋ መሆናቸው፣ እንዲሁም የሌላውን ታሪክ መስማት ገና ትኩስ ለሆነ ሐዘንተኛ ከባድ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአንድ ሰው ጋር ብቻ መገናኘት፣ ወደ ቡድን መግባት ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ይሻላል። አስከሬኑን ያገኘው ሰው በቡድን ውስጥ ያየውን ሁኔታ በዝርዝር እንዲተርክ አይገፋፋ፤ ለእርሱም ለሌሎቹም አይበጅም።

ቡድን በሌለበት ሰፈር ሁለት ሦስት ቤተሰብ በወር አንድ ቀን ቡና አፍልቶ መገናኘት ይችላል። የማኅበር ልማድ ላለን ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ የተሰማው ከዚያ ቤት እንዳይወጣ፣ ማንም የማንንም ጥፋት እንዳይዳኝ፣ ከመካከላቸው የባሰበት ሲገኝ ወደ ሐኪም የሚወስድ አንድ ሰው አስቀድሞ እንዲመረጥ።

ምክንያቱ በእርግጥ ባልታወቀበት ጊዜ

ልጃቸው ከአረብ አገር በሣጥን ተመልሳ «ራሷን አጥፍታ ነው» የተባሉ ቤተሰቦች ነገር ለብቻው መታየት አለበት። እነርሱ ዘንድ ሐዘኑ ላይ ጥርጣሬ ይጨመራል፤ እውነት ራሷን አጠፋች ወይስ ሌላ ነገር ደረሰባት? ይህ ጥያቄ እስካልተነሣ ድረስ «ተቀበሉት» የሚል ምክር ስድብ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ በመጀመሪያ የሞት የምስክር ወረቀቱን፣ የፖሊስና የሆስፒታል ሰነዶቹን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በዚያ አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል መጠየቅና ማስተርጎም፣ የሕግ ምክር የሚሰጥ ማፈላለግ፣ ከዚያ በኋላ ወይም ጎን ለጎን የሥነ ልቦና ድጋፍ። የሚመርጡት ባለሙያ ቤተሰቡን ወደ አንዱ መደምደሚያ የማይገፋ፣ ሳያውቁ መኖር ራሱ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የሚገባው መሆን አለበት።

አማራጮቹን ማጣመር

ከእነዚህ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ግዴታ አይደለም፤ እኔ ያየኋቸው ደህና የቆሙ ቤተሰቦች በየጊዜው የተለያየውን የያዙት ናቸው። እስከ ሰባት እድሩን፣ እስከ አርባ የንስሐ አባቱን ወይም ኢማሙን፣ እንቅልፍ እንቢ ያለ ዕለት ሐኪሙን፣ ሰው ሁሉ የረሳ በመሰለ ጊዜ ደግሞ ያው ሐዘን የደረሰበትን ሰው። አቅም ከሌለና አንድ ነገር ብቻ መክፈል የሚቻል ከሆነ፣ ገንዘቡ ለትልቅ ተዝካር ሳይሆን አስከሬኑን ላገኘው ሰው ሕክምና ይዋል፤ ይህን ስል የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ።

ለሙት ዓመቱ ከሁለት ሳምንት በፊት መዘጋጀት ይጠቅማል። ዕለቱን ከማን ጋር እንደሚውሉ፣ ሌሊቱን ማን ቤትዎ እንደሚያድር፣ ቢከፋዎ ለማን እንደሚደውሉ አስቀድመው ይወስኑ። እኚያ እናት በሙት ዓመቱ ዋዜማ ሴትዮዋን ቤታቸው አሳድረዋቸዋል፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ሁለቱም ነቅተው ቡና ይጠጡ ነበር።